ልጃችሁ ከሰው እኩል ተከፍሎት፣ ከሰው ጋር እንዲሠራ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላላችሁ ወላጆች

እኛ አበሾች ልጆቻችንን በመውደድ አንታማም። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ግን ፍቅሩ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ነገር ያደላል፦ «እኔ እያለሁ ምን ጎድሎበት ይሠራል?» ልጁ ትምህርቱን ይጨርሳል። ቢጫው አውቶቡስ መምጣት ያቆማል። ከዚያ በኋላ ቀኑ በስልክና በቴሌቪዥን ያልቃል፤ እናት ወይም አባት ደግሞ ሥራ ቀንሰው አብረውት ቤት ይውላሉ። ይህ መመሪያ እንዲህ እንዳይሆን ለምትፈልጉ ነው። ምሳሌዎቹ ከዲሲና ከዙሪያዋ ቢሆኑም፣ የፌዴራሉ ሕግ አንድ ስለሆነ ሌላ ግዛት ያላችሁም አብዛኛውን ትጠቀሙበታላችሁ።

መጀመሪያ «ሥራ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። በ2014 የወጣው ዊዮዋ የተባለው የፌዴራል ሕግ ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል። ክፍያው ከዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ አያንስም፤ ያንኑ ሥራ ለሚሠራ ሌላ ሰው ከሚከፈለውም አያንስም። ልጃችሁ የሚሠራው አካል ጉዳት ከሌለባቸው ባልደረቦች ጋር ነው። እድገትም እንደማንኛውም ሠራተኛ ይደርሰዋል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ሌላ ዓይነት «ሥራ» ስላለ ነው። በ1938 የወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ 14ሲ የሚባል ክፍል አለው። ልዩ ፈቃድ ያለው ድርጅት ለአካል ጉዳተኛ ከዝቅተኛው ክፍያ በታች እንዲከፍል ይፈቅዳል። ሜሪላንድ ይህንን ከ2020 ጀምሮ አስቁማለች። ቨርጂኒያም በ2023 ባወጣችው ሕግ እስከ ሐምሌ 2030 ድረስ ጨርሳ ታቆማለች። ስለዚህ በስብሰባ ላይ «ወርክሾፕ» ወይም «ዴይ ፕሮግራም»፣ ማለትም አካል ጉዳተኞች ለብቻቸው የሚሠሩበት ወይም የሚውሉበት ቦታ፣ ሲባል ከሰማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። በሰዓት ስንት ይከፈለዋል? አጠገቡ የሚሠሩት እነማን ናቸው? በዲሲ ዝቅተኛው ክፍያ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር ነበር። በሜሪላንድ 15 ዶላር ነው፤ በቨርጂኒያ ከጥር 2026 ጀምሮ 12.77። ቁጥሩ ስለሚለዋወጥ የዓመቱን አረጋግጡ። ከዚያ በታች ግን እሺ አትበሉ።

1. ልጃችሁን እንደ አዲስ እዩት

ሁሉም ነገር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ሰው ግን ዘሎት ቀጥታ ወደ ማመልከቻ ይሄዳል።

ደብተር ግዙና ለሁለት ሳምንት ያህል ጻፉ። «ጎበዝ ነው፣ ታዛዥ ነው፣ ሰው ይወዳል» አትበሉ፤ ይህ ለማንም አይጠቅምም። ያያችሁትን ጻፉ። እንዲህ፦ «ልብስ ከማድረቂያው ሲወጣ ማንም ሳይነግረው ካልሲዎቹን ያዛምዳል። አርባ ደቂቃ ሳይነሳ ይሠራል። አንድ ካልሲ ከጎደለ እስኪያገኘው ድረስ አይተኛም። ብሌንደር ሲነሳ ግን ጆሮውን ይዞ ይወጣል።»

እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ይነግሯችኋል። ልጁ ዕቃ በዓይነት መለየት ይችላል። ትዕግሥት አለው። ስህተት አያልፈውም። ጫጫታ ያለበት ወጥ ቤት ግን አይሆነውም። የሆቴል ወይም የሆስፒታል አንሶላ ክፍል፣ የልብስ መደብር የጀርባ ክፍል፣ የፋርማሲ መጋዘን ግን ሊሆነው ይችላል። «ምን ዓይነት ሥራ ይፈልጋል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ «ያገኘውን» ከማለት ይህን ይዞ መሄድ ሌላ ነገር ነው።

ሌሎችንም ጠይቁ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪውን፣ አክስቱን፣ ጎረቤቱን። እኛ ወላጆች ጫማውን ስናስርለት ኖረን «ማሰር አይችልም» እንላለን። ሌላ ሰው ጋ ሲሄድ ራሱ አስሮ ይወጣል። ከምር፣ ከአክስት ቤት የሚመጣው ወሬ ብዙ ጊዜ ያስገርማል።

ልጁን ራሱንም ጠይቁት። በቃል የማይናገር ከሆነ ቦታ ቦታ ውሰዱትና ፊቱን እዩ። ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ምን ይነካል? ገበያ ውስጥ የት ይቆማል? የት ቦታ ሲደርስ «እንሂድ» ይላል?

ጎን ለጎን ቤት ውስጥ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ስጡት። ዕቃ ማጠቢያውን ማውጣት፣ ቆሻሻ በቀኑ ማውጣት፣ የገበያ ዕቃ ቦታ ቦታ ማስያዝ። ሲሠራ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ። በኋላ ለቀጣሪ ስታሳዩት ከሲቪ በላይ ይሠራል።

2. ትምህርት ቤቱ ሳይለቃችሁ ተጠቀሙበት

ልዩ ትምህርት የሚከታተል ልጅ አይ ኢ ፒ የሚባል ለእሱ ብቻ የተጻፈ የትምህርት ዕቅድ አለው። የፌዴራሉ ሕግ እስከ 16 ዓመቱ ድረስ የሥራና የወደፊት ሕይወት ዕቅድ እንዲገባበት ያዛል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይህን 14 ዓመት ላይ ይጀምራሉ። በስብሰባው ላይ «ሲጨርስ በክፍያ ሥራ መግባት» የሚለው ግብ በጽሑፍ ይግባ በሉ። ካልተጻፈ ማንም አይሠራበትም። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። ታናሽ እህቱን አስተርጉሚ አትበሏት፤ ስለ ወንድሟ እሷ መስማት የሌለባት ነገር ሊነሳ ይችላል።

ትልቅ ወጥመድ አለ። መደበኛውን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ከተቀበለ የልዩ ትምህርት መብቱ ያበቃል። ካልተቀበለ ግን እንደየግዛቱ እስከ 21 ወይም 22 ዓመቱ መቀጠል ይችላል። እነዚያ ተጨማሪ ዓመታት የሥራ ልምምድ የሚሠራባቸው ናቸው። በ18 ዓመቱ ጋውን ለብሶ ፎቶ እንዲነሳ ያለንን ጉጉት አውቃለሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን «ይህን ከተቀበለ ምን ይቀርበታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፕሮጀክት ሰርች የሚባለውንም ጠይቁ። በ1996 ሲንሲናቲ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል የተጀመረ ነው። ወጣቶቹ በመጨረሻው የትምህርት ዓመት ሙሉ ዓመቱን አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይውላሉ፤ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩም ይለማመዳሉ። በእኛም አካባቢ አለ። ቦታው ውስን ስለሆነ ከአንድ ዓመት በፊት ጠይቁ።

3. የግዛቱን የሥራ ማቋቋሚያ ቢሮ በር አንኳኩ

እያንዳንዱ ግዛት ቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን የሚባል ቢሮ አለው። በሜሪላንድ ዶርስ፣ በቨርጂኒያ ዳርስ፣ በዲሲ አር ኤስ ኤ ይባላል። ቨርጂኒያ ለዓይነ ስውራን የተለየ መሥሪያ ቤት አላት። የሥራ አሠልጣኝ፣ ማለትም ጆብ ኮች፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በዚህ በኩል ነው። ሥልጠና፣ መሣሪያ፣ አንዳንዴም የመጓጓዣ እገዛ ይሰጣሉ። ተማሪ ከሆነ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ የቅድመ ሥራ አገልግሎት ሊያገኝ ይችላል። ትምህርቱን እስኪጨርስ አትጠብቁ።

አንድ ነገር ላስረዳ፤ ብዙ ቤተሰብ በፍርሃት ይቀራልና። ይህን አገልግሎት ለማግኘት ዜግነት አይጠየቅም፤ የሥራ ፈቃድ ይበቃል። በዲቪ ገና የመጣችሁም ማመልከት ትችላላችሁ። ቀጥሎ የምናየው ኤስ ኤስ አይ፣ ማለትም ሶሻል ሴኩሪቲ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ግን ለግሪን ካርድ ያዥ ጥብቅ ሕግ አለው። ሁለቱን አታደባልቁ።

ካመለከታችሁ በኋላ ብቁ መሆኑን በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለባቸው። ብቁ ከተባለ በኋላ የሥራ ዕቅዱ በ90 ቀን ውስጥ መጻፍ አለበት። ቀኑን ደብተራችሁ ላይ ጻፉና ሲያልፍ ደውሉ። ኤስ ኤስ አይ የሚያገኝ ሰው ከመጀመሪያውም ብቁ ነው ተብሎ ይገመታል። አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ ጠይቁ። በዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፤ አማርኛም የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በብዛት ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ጠባያችን ይጎዳናል። ባለሙያዋ ስትጠይቅ «ደህና ነው፣ ይመስገን፣ ምንም አይልም» እንላለን። የሰው ፊት የልጅን ጉድለት መዘርዘር ይከብዳል። ነገር ግን ገንዘብ ሲያጥራቸው ቅድሚያ የሚሰጡት ጉዳቱ ለከበደ ሰው ነው። ስለዚህ እውነቱን በሙሉ ንገሩ። ብቻውን አውቶቡስ አይሳፈርም። ገንዘብ አይቆጥርም። መርሐ ግብር ሲቀየር ግማሽ ቀን ይረበሻል። ቀጣሪ ፊት ስትቀርቡ ደግሞ የሚችለውን ትናገራላችሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ቦታው ነው የሚለየው።

18 ዓመት ሲሞላው በሕግ ፊት አዋቂ ነው፤ ወረቀቱን የሚፈርመው እሱ ነው። ብዙ ወላጅ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት ይጠይቃል። ከዚያ በፊት በእገዛ የሚደረግ ውሳኔ የሚባለውን መንገድ እዩ፤ ዲሲም፣ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም በሕግ ተቀብለውታል። ልጁ መብቱን ሳያጣ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ ታማክሩታላችሁ።

4. «ከሠራ ኤስ ኤስ አይ ይቋረጥበታል» የሚለውን ቁጭ ብላችሁ አስሉት

ብዙ ልጅ ቤት የቀረው በዚህ ወሬ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

በ2026 ሙሉው የፌዴራል ኤስ ኤስ አይ በወር 994 ዶላር ነው። ልጃችሁ በሰዓት 15 ዶላር፣ በሳምንት 20 ሰዓት ይሠራል እንበል። በወር ወደ 1,300 ዶላር ይሆናል። ሶሻል ሴኩሪቲ ከዚህ ላይ 85 ዶላሩን አይቆጥርም። የቀረው 1,215 ነው። የዚህም ግማሽ ብቻ ነው የሚቆጠረው፦ 607.50። ከ994 ላይ ሲቀነስ 386.50 ይተርፋል። ስለዚህ ከደመወዙ 1,300፣ ከመንግሥት 386.50፣ በድምሩ 1,686.50 ዶላር በእጁ ይገባል፤ ከደመወዙ ላይ ታክስ ይቆረጣል። ቤት ቢቀመጥ 994 ብቻ ነበር። ከ22 ዓመት በታች ሆኖ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ከደመወዙ ላይ የማይቆጠርለት ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

የመንግሥት የጤና ሽፋኑ ሜዲኬይድስ? 1619ቢ የሚባል ደንብ አለ። ደመወዙ ከፍ ብሎ የኤስ ኤስ አይ ገንዘቡ ዜሮ ቢገባ እንኳን፣ ግዛቱ እስካስቀመጠው የገቢ ጣሪያ ድረስ ሜዲኬይዱን ይዞ ይቀጥላል።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ በስሙ ያለው ገንዘብ ከ2,000 ዶላር እንዳይበልጥ። አያቱ ከአገር ቤት መጥተው በስሙ ባንክ ገንዘብ ቢያስቀምጡለት መብቱን ያሳጡታል። መፍትሔው ኤብል የሚባለው ለአካል ጉዳተኞች የተፈቀደ የቁጠባ ሒሳብ ነው። እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስ ኤስ አይ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ደመወዙን በየወሩ ሪፖርት አድርጉ፤ ወሩ ባለቀ በ10 ቀን ውስጥ። ያልተነገረ ደመወዝ ከዓመት በኋላ «የወሰዳችሁትን መልሱ» የሚል ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። የክፍያ ወረቀቱን ሁሉ አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ።

ይህን ሁሉ በነፃ የሚያሰሉላችሁ አማካሪዎች አሉ። ቲኬት ቱ ወርክ የሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲ የሥራ ፕሮግራም የእገዛ መስመር 1-866-968-7842 ነው። ደውላችሁ የጥቅማ ጥቅም አማካሪ እፈልጋለሁ በሉ። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ደውሉ።

5. ቀጣሪ ፈልጉ፤ ምጽዋት ግን አትጠይቁ

ጆብ ኮቹ ይፈልጋል። እናንተም ፈልጉ፤ እሱ የማያውቀውን ሰው ታውቃላችሁና። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ስንት የአበሻ ገበያ፣ ምግብ ቤት፣ ፋርማሲ፣ የሂሳብ ቢሮ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት አለ? በሆቴልና በኤርፖርት በሱፐርቫይዘርነት የሚሠሩ ወገኖቻችንስ? በዕድር፣ በማኅበር፣ ከቅዳሴ በኋላ በሻይ ሰዓት አንሱት።

አጠያየቁ ላይ ነው ነገሩ። «ልጄን እዚህ እንዲውል አድርጉልኝ» ካላችሁ የምታገኙት መዋያ ነው። ባለሱቁ በደግነት «አምጪው እህቴ፣ ከእኛ ጋር ይዋል፣ ለኪሱም አላጣለትም» ይላል። ልጁ ስድስት ሰዓት ካርቶን ሲያነሳ ውሎ ሃያ ዶላር ይዞ ይገባል። ሰውየው ክፉ አይደለም። ይህ ግን ሥራ አይደለም፤ ሕጉም አይፈቅደውም።

በዚህ ፈንታ መጀመሪያ ሱቁን አንድ ጠዋት ቆማችሁ እዩት። እንጀራ ሲመጣ ማን ነው የሚደረድረው? ቀኑ የቆየው ወደ ፊት፣ አዲሱ ወደ ኋላ መሆን አለበት። ሰው ሲጣደፍ አዲሱን ከፊት ይደረድርና የቆየው ሳይሸጥ ይሻግታል። በርበሬና ሽሮ በፌስታል ሲታሸግ ዋጋው ይለጠፍበታል፤ ካሸሪዋ ሰልፍ እያስጠበቀች ትለጥፋለች። ያን ጊዜ ባለቤቱን እንዲህ በሏቸው፦ «ጋሼ፣ ካሸሪዎ መለጠፍና መደርደር ላይ በቀን ሁለት ሰዓት ታጠፋለች። ልጄ ቀን እያየ መደርደር አይስትም፤ ቪዲዮውን ይዩት። ጠዋት ከሁለት እስከ ስድስት ይሥራልዎ። ለሌላ ሰው በሚከፍሉት የሰዓት ዋጋ። መጀመሪያ አሠልጣኝ አብሮት ይመጣል፤ ለእሱ እርስዎ አይከፍሉም።»

ያልነበረ ሥራ አልተፈጠረም። በሦስት ሰው ተበትኖ የነበረውን ሥራ ሰብስባችሁ ለአንድ ሰው አደረጋችሁት። ሆቴልም፣ ክሊኒክም፣ ቢሮም በዚሁ ዘዴ ይሠራል። የቢሮ ወረቀት ስካን ማድረግ፣ የሆስፒታል ጋሪ ላይ ጓንትና ፋሻ መሙላት፣ የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት መመለስ።

ከመስማማታችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይኑር፦ የሰዓት ክፍያው፣ የሥራ ሰዓቱ፣ አለቃው ማን እንደሆነ። ክፍያው በቼክ ወይም በባንክ፣ ታክስ ተቆርጦ ይሁን። በጥሬ ገንዘብ በእጅ የሚሰጥ ከሆነ ለሶሻል ሴኩሪቲ የሥራ ነጥብ አይያዝለትም፤ ቢጎዳም ካሣ ማግኘት ይከብደዋል።

የሥራ ቦታውን ስትመርጡ መንገዱን አትርሱ። አውቶቡስ የማይደርስበት ጥሩ ሥራ እናንተ ሥራ በተጠራችሁ ዕለት ያበቃል። የአካባቢው የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅት ሜትሮ፣ ብቻን መጓዝ የሚያስተምር ነፃ ሥልጠና አለው። ለማይችሉ ደግሞ ሜትሮ አክሰስ ከበር በር ያደርሳል፤ ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድማችሁ አስገቡ።

6. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ጆብ ኮቹ ሥራውን በትንንሽ ይከፋፍለዋል። «ዕቃውን ደርድር» አይልም። ካርቶኑን ክፈት። ቀኑን አንብብ። ከመደርደሪያው ላይ ያለውን ወደ ፊት ሳብ። አዲሱን ከኋላ አስገባ። ባዶውን ካርቶን አጥፈህ በበሩ አጠገብ አድርግ። ለእያንዳንዱ ፎቶ ተነስቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አማርኛ የሚቀለው ልጅ ከሆነ ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን በሉ።

ከዚያ ጆብ ኮቹ ቀስ በቀስ ይርቃል። መጀመሪያ አጠገቡ፣ ቀጥሎ ከበሩ ጋ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን። ካልራቀ ልጁ ከጆብ ኮቹ ጋር እንጂ ከሠራተኞቹ ጋር አልሠራም ማለት ነው። አጠገቡ ያለ አንድ ባልደረባ ቀስ ብሎ ቦታውን ይያዝ። ምሳ ብቻውን መኪና ውስጥ እንዳይበላ ተከታተሉ፤ እረፍት ክፍል አብሯቸው ይቀመጥ። እናንተ ግን ሱቁ ውስጥ አትግቡ። እናት በመስኮት ስታይ ልጁም ይረበሻል፣ ባለቤቱም እንደ ሠራተኛ አያየውም።

ስህተት ሲሠራ ባለቤቱ ለእናንተ ከደወለ ትሕትና በተሞላ አነጋገር ወደ ልጁና ወደ ጆብ ኮቹ መልሱት። ሠራተኛው እሱ ነው።

7. የረጅም ጊዜ እገዛውን ዛሬውኑ ተመዝገቡ

ቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን የሚያግዘው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ የጆብ ኮች እገዛው በመደበኛው እስከ 24 ወር ነው። ከዚያ በኋላ የሚከፍለው የሜዲኬይድ ዌቨር የሚባለው ነው፤ አካል ጉዳተኛ በቤቱና በማኅበረሰቡ ውስጥ ሆኖ እገዛ እንዲያገኝ የሚከፍል ፕሮግራም ነው። በሜሪላንድ ዲ ዲ ኤ የሚባለው የእድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የቆመው መሥሪያ ቤት ትምህርት ለሚጨርሱ ወጣቶች የሽግግር ፕሮግራም አለው፤ ካመለጠ ወደ ረጅሙ ሰልፍ ነው። በቨርጂኒያ ምዝገባው በየካውንቲው ባለው የማኅበረሰብ አገልግሎት ቦርድ ነው፤ ወረፋው ዓመታት ይወስዳል። በዲሲ መሥሪያ ቤቱ ዲ ዲ ኤስ ይባላል። ልጃችሁ ገና የ10 ዓመት ቢሆን እንኳን ጠይቁ። አድራሻ ስትቀይሩ አሳውቁ፤ ደብዳቤው አሮጌው አፓርትመንት ደርሶ መልስ ስላልተሰጠ ብቻ ከሰልፍ የወጣ ሰው አለ።

8. ነገር ሲበላሽ

የሥራ ማቋቋሚያ ቢሮው ከከለከላችሁ ወይም ካጓተተባችሁ ክላይንት አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባል ነፃ ጠበቃና አማካሪ በየግዛቱ አለ። ስሙ በእምቢታ ደብዳቤው ላይ መጻፍ አለበት። ቀጣሪው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ይገዛዋል። ምክንያታዊ ማስተካከያ ሊያደርግ ይገባል፦ የጆሮ መከላከያ፣ በሥዕል የተጻፈ ትእዛዝ፣ የተለየ የእረፍት ሰዓት። ሥራ ሳይሰጥ ስለ ጉዳቱ መጠየቅም አይችልም። አድልዎ ከደረሰ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት ይባላል፤ ጊዜው ስለሚያልፍ ወራት አታሳልፉ።

ከሥራ ቢባረር በሥራ ማቋቋሚያ ቢሮው ያለው ፋይሉ እንደገና ይከፈታል። ብዙዎቻችን እዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራችን ላይ አልቆየንም፤ እሱም የግድ መቆየት የለበትም።

ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ቀጠሮ እንዲይዝ አግዙት። ሌሎቹ ስንት ተጨመረላቸው? እሱስ? ሰዓቱ ከ20 ወደ 28 ከፍ ይበል? ሌላ ክፍል መማር ይፈልጋል? ጥያቄውን ቤት ውስጥ አብራችሁ ተለማመዱ፣ ካስፈለገ በወረቀት ይያዘው። ከዚያ ራሱ ይጠይቅ። አዲሱ ደመወዝ ሲመጣ የኤስ ኤስ አይ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ።